ክብርን ከእኔነት የሚለይ ጉባኤ፦ በሜሪላንድ የሚካሄድ የጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች የውይይት መርሐ ግብር ሲገመገም

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው የሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ አንድ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ለወንዶች ብቻ የሚያዘጋጀው የውይይት መርሐ ግብር አለ። ዓላማው ወንዶቹ በውስጣቸው ያለውን እኔነት እንዲመረምሩና በመንፈሳዊ ሕይወታቸው እንዲያድጉ መርዳት ሲሆን፣ ይህን የሚያደርገው በስብከት ሳይሆን እርስ በርስ በማነጋገር ነው። እኔም በአንድ ጥቁር አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ ጋባዥነት አንዱን ዙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ። በጉባኤው የተነገረ ነገር ከበሩ እንዳይወጣ የሚያዝዝ ደንብ ስላለ የቤተ ክርስቲያኑን ስምም ሆነ የተሳታፊዎቹን ማንነት አልገልጽም፤ ከዚህ በታች የማነሣቸውን ታሪኮች የምጽፈው ባለቤቶቹ ፈቅደውልኝ ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ይህ መርሐ ግብር በዘርፉ ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው፤ የሚሻልበትም ምክንያት ክብሩን አገሩ ለነፈገችው ሰው ትሕትናን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል በመረዳቱ ነው። ጉድለቶችም አሉበት፤ ከእነዚህ አንዱ ቀላል የሚባል አይደለም።

ወንዶች ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ኑሮ እንዲመረምር ማድረግ ለጥቁር አሜሪካውያን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ ሪቻርድ አለንና አብሳሎም ጆንስ ከሌሎች ነጻ ጥቁሮች ጋር ሆነው የነጻ አፍሪካውያን ማኅበርን ሲያቋቁሙ፣ እያንዳንዱ አባል በየወሩ አንድ የብር ሺሊንግ እንዲያዋጣ፣ ገንዘቡም ለችግረኞች፣ ለመበለቶችና አባት ለሌላቸው ልጆች እንዲውል ተስማምተው ነበር። ሰካራምና ሥርዓት የሌለው ሰው በአባልነት እንዳይገባም በመተዳደሪያቸው ጽፈዋል። እኛ ዕድርና ማኅበር የምናውቅ ሰዎች ይህን አሠራር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1793 ቢጫ ወባ ፊላደልፊያን ሲያጠቃ እነዚሁ ሰዎች ሕመምተኞችን አስታመዋል፤ ሙታንንም ቀብረዋል። የዛሬው የሐሙስ ጉባኤ አወያይ ይህን ታሪክ በመጀመሪያው ምሽት ሲተርክ ያየሁት ለጌጥ አልነበረም። መነጋገር፣ መዋጮና ለሌላው መድረስ ድሮ አብረው ይሄዱ እንደነበር ለማሳየት ነበር፤ የመርሐ ግብሩም አወቃቀር የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ከአባላቱ መካከል እ.ኤ.አ. ሰኞ ጥቅምት 16 ቀን 1995 በዋሽንግተን ብሔራዊ አደባባይ በተደረገው የሚሊዮን ወንዶች ሰልፍ ላይ የቆሙ አረጋውያን አሉ። ያ ሰልፍ የተጠራው «ኔሽን ኦፍ ኢስላም» በተባለው የጥቁር ሙስሊሞች ድርጅት መሪ በሉዊስ ፋራካን ሲሆን፣ ከመንግሥት ነገር ከመጠየቅ ይልቅ ወንዶቹ ራሳቸው ስለ በደላቸው ንስሐ እንዲገቡ፣ እንዲታረቁና ኃላፊነታቸውን እንዲወስዱ የሚጠይቅ ነበር። ጠሪውን የማይወዱ ክርስቲያኖችም ጭምር ስለ ጥሪው ሲሉ ሄደዋል። አንዱ አረጋዊ እንደነገሩኝ፣ በዚያ ቀን ከማያውቁት ሰው ጋር ተቃቅፈው ከማልቀሳቸው በፊት ወንድ ልጅ በአደባባይ ሲያለቅስ ያዩት በቀብር ላይ ብቻ ነበር። ችግሩ ግን፣ አሉኝ፣ ሰኞ የተነካው ልብ ማክሰኞ ወዴት ይሂድ? የሐሙሱ ጉባኤ ለእሳቸው የማክሰኞው መልስ ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ወንበሮቹ በክብ ይደረደራሉ፤ አወያዩም እንደማንኛውም ሰው በክቡ ውስጥ ይቀመጣል። ስልክ በበሩ አጠገብ ባለ ቅርጫት ውስጥ ይቀራል። የትምህርት ማዕረግ፣ የሥራ ኃላፊነትና የቤተ ክርስቲያን ሹመት በመግቢያው ላይ አይጠቀስም፤ ሰው ሁሉ «ወንድም» ተብሎ በመጠሪያ ስሙ ይጠራል፤ ለአረጋውያኑ ብቻ የለመዱት አክብሮት ይሰጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ግን የመልስ ደንቡ ነው፦ ማንም ሰው አንድ ነገር ለተናገረ ወንድም አስተያየት ከመስጠቱ በፊት፣ ተናጋሪው ያለውን በራሱ አነጋገር መልሶ መንገርና ተናጋሪው «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እንዲለው መጠበቅ አለበት።

ደንቡ በወረቀት ላይ ሲነበብ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። በተግባር ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ስድሳውን የተሻገሩ፣ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ሹፌርነት ያሳለፉ አንድ አባት ስለ ልጃቸው በተናገሩበት ምሽት ነው። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቤት ሲመለስ ከቤት አስወጥተውታል፤ ሌላ ከተማ ከገባም በኋላ ሊደውሉለት ስልክ እያነሡ መልሰው ያስቀምጡታል፤ አባት ልጁን ይቅርታ እንደማይጠይቅ ከገዛ አባታቸው ተምረዋልና። ሰውየው ይህን የተናገሩት ቆባቸውን በጉልበታቸው ላይ እያሽከረከሩ ነበር። ገና ንግግራቸውን ከመጨረሳቸው አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት «አባቴ፣ እርስዎ እኮ ትክክል ነበሩ» ሲል፣ አወያዩ በእርጋታ «መጀመሪያ ያሉትን መልሰህ ንገራቸው» አለው። ወጣቱም «ልጅዎ ስላላከበርዎ አስወጡት» አለ።

«አላከበረኝም አላልኩም፣ ልጄ» አሉት።

ወጣቱ ዝም አለ። ማንም አላገዘውም። ቆይቶ «እንደ እርስዎ ሲለፋ እንዳይኖር ፈርተው ነበር፤ ፍርሃትዎ ግን ቁጣ ሆኖ ወጣ» ሲላቸው፣ ሰውየው ቆባቸውን ማሽከርከር አቁመው «አዎ፤ አሁን ሰማኸኝ» አሉ። ወጣቱ ከዚያ በኋላ የሚጨምረው ምክር አልነበረውም፤ አያስፈልግምም ነበር። እኔነት ብዙ ጊዜ ስለ ራስ በማውራት ብቻ ይመስለናል የሚገለጠው፤ የሌላውን ታሪክ ሳይሰሙ ለመፍረድ መቸኮልም የእሱ ሥራ መሆኑን ያ ምሽት በግልጽ አሳየ።

የዙሩ ምርጥ ክፍል የምለው በአጋማሹ ላይ የተደረገውን ውይይት ነው። አወያዩ ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1968 በአትላንታው ኤቤኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የሰበከውን ስብከት ድምፅ አሰማን። ስብከቱ የዘብዴዎስ ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ በክርስቶስ ቀኝና ግራ ለመቀመጥ ስለጠየቁት ጥያቄ ሲሆን፣ የኪንግ አቀራረብ ከተለመደው የተለየ ነው። ሁለቱን ሐዋርያት ከማውገዙ በፊት እኛም እንደ እነሱ መሆናችንን ያሳያል፤ ታላቅ ለመሆን መፈለግን ከሰው ልብ ለመንቀል አይሞክርም፤ ይልቁንም ክርስቶስ ለፍላጎቱ ሌላ አቅጣጫ እንደሰጠው፣ በፍቅርና በአገልግሎት ቀዳሚ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ምኞቱ እንዳልተወገዘ ያስረዳል። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 9 ቀን በዚያው ቤተ ክርስቲያን በተፈጸመው የኪንግ የቀብር ሥርዓት ላይ የተሰማው ይኸው ድምፅ ነበር።

ይህን ስብከት ማሰማት ብቻውን ለግምገማ የሚበቃ ነገር አይደለም፤ ብዙ ቦታ ይደረጋል። የዚህ መርሐ ግብር ብልህነት ከድምፁ ጎን በቴነሲ ግዛት በምትገኘው በሜምፊስ ከተማ የተነሣ ፎቶግራፍ ማስቀመጡ ነው። ስብከቱ ከመሰበኩ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ የካቲት 1 ቀን፣ ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ሁለት የሜምፊስ የጽዳት ሠራተኞች ከዝናብ ሊጠለሉ በገቡበት የቆሻሻ መኪና መጭመቂያ ተፈጭተው ሞቱ። የካቲት 12 ቀን ወደ 1,300 የሚጠጉ የጽዳት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ በሰልፋቸውም «ሰው ነኝ» የሚል ጽሑፍ በደረታቸው ላይ አንግበው ወጡ። ኪንግ ወደ ሜምፊስ የሄደው እነሱን ሊደግፍ ነበር፤ ሚያዝያ 4 ቀን የተገደለውም እዚያው ነው።

አወያዩ ስብከቱን ካሰማና ፎቶግራፉን ካሳየ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ እነዚህ ሰዎች ደረታቸው ላይ የያዙት ጽሑፍ እኔነት ነው ወይስ አይደለም? ውይይቱ ከዚያ በኋላ የማንንም ጉትጎታ አልፈለገም። በደቡብ ግዛቶች የሸበተ ጥቁር ሰው ሳይቀር በነጮች ዘንድ እንደ ሕፃን «አንተ ልጅ» እየተባለ የሚጠራበት ዘመን የቅርብ ጊዜ ትውስታ ነው፤ ከተሳታፊዎቹም መካከል አባቱ በፊቱ እንዲህ ሲጠራ የሰማ ነበር። ይህ ሰው አባቱ በዚያ ጊዜ አንገቱን የደፋው ትሑት ስለነበረ እንዳልሆነ፣ ቤት ሲገባም የደፋውን አንገት በልጆቹ ላይ ቀና ያደርግ እንደነበር ተናገረ። ፀጉር አስተካካይ የሆነ ሌላ ተሳታፊ ደግሞ፣ የሜምፊስ ሠራተኞች የጠየቁት ማንም ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ የሚገባውን ስለሆነ ማንንም ዝቅ እንዳላደረጉ፣ እኔነት ግን ሁልጊዜ ከሥሩ የሚያስቀምጠው ሰው እንደሚፈልግ ተናገረ። ይህ አባባል ለእኔ የጠቅላላው ዙር ፍሬ ነገር ነበር።

ይህን ነጥብ ማጉላት የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ። ከዚህ በፊት ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠየቅበት አንድ የወንዶች ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር፤ አሠልጣኙ ገና ሲጀምር «እኔነታችሁን ግደሉ» እያለ ይጮህ ነበር፤ ከተሰብሳቢዎቹ የሚበዙት ጥቁር አሜሪካውያን መሆናቸው ግን ከንግግሩ ውስጥ ምንም አልለወጠም። በሥራ ቦታው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በመንገድ ላይ ሰው እንዳይፈራው ተጠንቅቆ፣ በሱቅ ውስጥ እጁን ከኪሱ አውጥቶ የሚውልን ሰው «ዝቅ በል» ማለት ጥንቃቄ የጎደለው ምክር ነው። ዝቅ ማለትን ማንም ሳያስተምረው ተገዶ ያውቀዋል። የቸገረው፣ በግድ ዝቅ ያለበትን ቂም በቤቱ ውስጥ ባሉት ደካሞች ላይ ሳይወጣ ከእግዚአብሔር ፊት ማድረስ ነው።

የሐሙሱ ጉባኤ ይህን እንዴት እንደሚያስኬደው አንድ ታሪክ ልጨምር። በፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሠራ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ባለው ቀለበት መንገድ ላይ ፖሊስ አስቁሞት እጆቹን በመሪው ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ መጠበቁን፣ በመጨረሻም ያለ ቅጣትና ያለ ማብራሪያ መለቀቁን ተናገረ። ቤት እንደደረሰም ሚስቱ ለምን እንዳመሸ ብትጠይቀው ጮኸባት፤ ለቀናትም ሳያነጋግራት ቆየ። ታሪኩን የጀመረው ስለ ፖሊሱ ለመናገር ነበር፤ ስለ ሚስቱ የተናገረው እንደ ማብቂያ ያህል ነው። ጉባኤው በመጀመሪያው ክፍል ላይ ረጅም ጊዜ ወሰደ። «ለእግዚአብሔር ተወው» ያለ የለም፤ «ሁላችንም ላይ ይደርሳል» ብሎ የቸኮለም የለም። ሰውየው የተሰማውን ፍርሃት እስኪናገር ድረስ፣ ቁጣውን ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱን፣ ጠበቁት። ከዚያ በኋላ ብቻ አወያዩ «ሚስትህ ከዚህ ውስጥ የትኛውን አውቃለች?» አለው። «ምንም» ሲል መለሰ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም ከሚስቱ ቢጀምሩ፣ ሰውየው ሲከሰስ እንደቆየ ሰው ራሱን መከላከል እንደሚጀምር አልጠራጠርም።

ስለ መንፈሳዊው ክፍል ባጭሩ እገልጻለሁ። እያንዳንዱ ምሽት ከመጽሐፍ ቅዱስ በሚነበብ አንድ ክፍል ይጀመርና፣ ሁሉም በቀኙ ለተቀመጠው ወንድም በዚያ ምሽት ከእሱ የሰማውን ይዞ በአንድ ዐረፍተ ነገር እየጸለየ ይዘጋል፤ ያልሰማ ሰው ምን ብሎ እንደሚጸልይ ስለሚቸገር ጸሎቱ ራሱ ጆሮን ያሠለጥናል። ለሳምንቱ የሚሰጠው የቤት ሥራም የሚያስደንቅ ነው፦ ለአንድ ሰው በጎ ነገር አድርጉ፤ ያደረጋችሁትን ለማንም፣ ለዚህም ጉባኤ ቢሆን አትናገሩ። በሚቀጥለው ሐሙስ ማንም አይጠየቅም። በጎነትን ሁሉ ለመታየት በምናደርግበት ዘመን ይህን የመሰለ ልምምድ ያቀረበ ሌላ መርሐ ግብር አላጋጠመኝም። ኢትዮጵያዊ መሆኔን የሰሙ አንድ ሽማግሌም ያለ ምንም መግቢያ መዝሙር 68ን ገልጠው «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን አነበቡልኝ፤ ይህ ጥቅስ በጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያናት ለትውልዶች የተወደደ መሆኑን ባውቅም ከእሳቸው አፍ ሲወጣ መስማት ልቤን ነክቶታል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ለተሳታፊዎች በ12 ዶላር የሚሸጠው መምሪያ መጽሐፍ ከውይይቱ ጥራት ጋር አይመጣጠንም። ለማንኛውም ወንድ እንዲሆን ተብሎ የተጻፈ ነው፤ እኔነትን ከጉራና ከመመካት ጋር ብቻ ስለሚያያይዘው፣ ራሱን የሚጠላና በዚያም ምክንያት ሌላውን የማይሰማ ሰው ራሱን በገጾቹ ውስጥ አያገኝም። አወያዩ ይህን ስለሚያውቅ መጽሐፉን እምብዛም አይከፍተውም፤ እንግዲያው ለምን እንደሚሸጥ አልገባኝም። አንድ ምሽት የተጋበዘ እንግዳ ተናጋሪም ክቡን ትቶ ቆሞ ሰበከ፣ በመጨረሻም የግል ሥልጠናውን አስተዋወቀ፤ ያ ሐሙስ ባከነ። ጉባኤው የሚያበቃበትን ሰዓት አለማክበሩም በማግስቱ በጠዋት ሥራ የሚገቡትን አስቸግሯል።

ከባዱ ጉድለት ግን ከውይይት በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ የሚታየው አለመዘጋጀት ነው። አንድ ወንድም በሕይወት መኖር እንደሰለቸው የሚያመለክት ነገር ሲናገር፣ ጉባኤው ከበበው፣ ጸለየለት፣ ሁለት ሰዎችም ቤቱ ድረስ ሸኙት፤ ይህ መልካም ነው፤ የባለሙያ ስም ወይም ስልክ የሰጠው ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላ አሜሪካ 988 በመደወል ወይም መልእክት በመላክ የቀውስ ጊዜ ድጋፍ ማግኘት እንደሚቻል የሚገልጽ አንድ ወረቀት በግድግዳው ላይ መለጠፍ ምንም ወጪ አይጠይቅም። ከሕክምና ተቋማት ጋር ያለው መራራቅ ከየት እንደመጣ እረዳለሁ፤ በአላባማ ቱስኪጊ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች ሳያክም ሲያጠናቸው መኖሩን የሚረሳ ቤተሰብ የለም። ይሁን እንጂ መተማመን ያለበት ቦታ ባለሙያን ወደ ውስጥ ለመቀበል የተሻለ ቦታ መሆኑም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ በሎስ አንጀለስ በሚገኙ 52 ፀጉር ቤቶች 319 የደም ግፊት ያለባቸው ጥቁር ወንዶች ተሳትፈዋል፤ የመድኃኒት ባለሙያ ፀጉር ቤቱ ድረስ መጥቶ የረዳቸው ሰዎች የላይኛው የደም ግፊታቸው በስድስት ወር ውስጥ በአማካይ በ27 ሲወርድ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ምክር ብቻ ያገኙት ግን የወረደላቸው በ9 ያህል ነው። ፀጉር ቤት ለፋርማሲስት በሩን ከከፈተ፣ ይህ ጉባኤም በወር አንዴ ጥቁር አሜሪካዊ የሥነ ልቦና አማካሪ በክቡ ውስጥ ቢያስቀምጥ የሚያጣው ነገር የለም። ይህን ለአወያዩ ነግሬዋለሁ፤ እሱም የነገርኩትን መልሶ ከነገረኝ በኋላ ለሽማግሌዎቹ እንደሚያቀርበው ቃል ገብቶልኛል።

መርሐ ግብሩን የምመክረው በአካባቢው ለሚኖር፣ የሚናገረው ነገር እያለው የሚሰማው ላጣ ጥቁር አሜሪካዊ ወንድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ አባል መሆን ግዴታ አይደለም፤ እምነቱን ገና እየፈለገ ያለም ሰው በአክብሮት ይስተናገዳል። ፈጣን መፍትሔ ወይም ጽሑፋዊ ትምህርት ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። ትዳሩ በከባድ አደጋ ላይ ያለ ሰው ከዚህ ጎን ለጎን አማካሪ መያዝ ይኖርበታል፤ የሚስቶች ድምፅ እዚህ በወንዶቹ አፍ ብቻ ስለሚሰማ ታሪኩ ሙሉ አይሆንምና። ከአፍሪካ የመጣን ሰዎች በግብዣ መግባት እንችላለን፤ ነገር ግን ጉባኤው የተዘጋጀው ለጥቁር አሜሪካውያኑ ታሪክ ስለሆነ መጀመሪያ በብዛት መስማት ይገባናል። መግቢያው ነጻ ነው፤ መዋጮ በፈቃደኝነት ሲሆን ገንዘቡ በጉባኤው ለተቸገረ ወንድም የቤት ኪራይና የመብራት ክፍያ ይውላል። መጽሐፉን መግዛት አያስፈልግም። በሩ ልክ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ ቀደም ብሎ መድረስ ያሻል።